ቆርቆሮ ዝናብ እንጂ ብርድ አይከለክልም

በገጠሩ የአገራችን ክፍል ከሚታዩት የኑሮ ለውጦች አንዱ የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ መሄዱ ነው። ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲሠራ፣ መጋዘን ሲያቆም፣ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ሲከፍት፣ በአባላቱ መዋጮ ትምህርት ቤት ሲያንጽ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ቅጠል ቆርቆሮ ይፈጃል?» የሚል ነው። ቆርቆሮ ገበሬውን በየጊዜው ክዳን ከማደስ ድካም አሳርፎታል፤ ክዳኑ በቀላሉ በእሳት ከመያያዝ ድኗል፤ ዝናብም አይገባም። ይህ ጥቅም አይካድም። ሆኖም ቆርቆሮ የማይሠራው አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ሙቀትንና ብርድን መከላከል ነው። የሣሩ ክዳን ሲወርድ ይኸው መከላከያ አብሮ ወርዷል። በምትኩ ምን እንደገባ ግን ብዙ ጊዜ አልተጠየቀም።

ጉዳቱ በየሥራ ዘርፉ ይታያል። ቀን ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። ከሥሩ የተቀመጠው ወተት ቶሎ ይበላሻል፤ የተከማቸው ድንች ያቆጠቁጣል፤ በክፍሉ ያሉት ተማሪዎች ይደክማሉ። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ቆርቆሮው በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በመጋዘኑ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከቆርቆሮው ሆድ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጥርና በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት «ጣሪያው አፍስሷል» ተብሎ ቀዳዳ ይፈለጋል፤ ቀዳዳው ግን የለም። የረጠበው እህል ይሻግታል፤ ከሻጋታ የሚመጣው መርዝም ለሰውና ለከብት ጤና ጠንቅ ነው። ይህ ሁሉ በማኅበሩ መዝገብ ላይ «ብክነት» ተብሎ ይጻፋል። ስሙ ግን የመከላከያ እጦት ነው።

ጉዳዩን በዚህ ገጽ እንድናነሣው ያደረገን ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ አገሮች በመኖሪያ ቤት፣ በእርሻ ሕንፃና በንግድ ድርጅት ጣሪያና ግድግዳ ላይ በቱቦ እየተረጨ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ የሚደርቅ ፎም በሰፊው ሥራ ላይ ውሏል። ርጭቱን እንደ አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች «ለቤትም፣ ለእርሻም፣ ለንግድም» እያሉ ያስተዋውቁታል። ይህን አገልግሎት ይዞ የመጣ ነጋዴ የማኅበሩን በር ሲያንኳኳ መሪዎች ምን ብለው ይመልሱለት? ሁሉን መቀበልም ሁሉን መግፋትም የማኅበሩን ገንዘብ ይጎዳል። መልሱ በእውቀት ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት።

ለዚህ የሚሆን ትምህርት ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በአዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ፣ በደጃዝማች ውቤ ስም የሚጠራውን ደጃች ውቤ ሠፈርን፣ በተለምዶ ውቤ በረሃ የሚባለውን መንደር ማየት ይበቃል። ውቤ በረሃ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በድሮው የምሽት ጭፈራው ነው። ለገበሬ ማኅበር መሪ የሚጠቅመው ግን የቤቶቹ አሠራር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ይቆረቁራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቆርቆሮ ወደ ከተማዋ ሲገባ የአራዳ ሰዎች ክዳኑን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ከክዳኑ ሥር ያለውን ነገር አልጣሉም።

የነዚያ ቤቶች አሠራር ለገበሬው እንግዳ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ፣ ማገር ተማግሮ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ በውስጥም በውጭም ተመርጎ ወፍራም ግድግዳ ይሠራል። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ይወጠራል፤ ይህም በብዙ ቤት የአቡጀዲ ጨርቅ ነበር። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ የቀኑን ግለትና የሌሊቱን ብርድ ያረግባል። ወለሉ በብዙዎቹ ዘንድ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ይነጠፋል። ሰፊው በረንዳና ወደ ውጭ የወጣው የጣሪያ ታዛ ግድግዳውን ከፀሐይና ከዝናብ ይጠብቃሉ። አቅሙ ያነሰ ቤተሰብ ደግሞ አንብቦ የጨረሰውን ጋዜጣ በግድግዳው ላይ እየለጠፈ በስንጥቁ የሚገባውን ነፋስ ይከላከል ነበር። ይህም ጋዜጣ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ነውና አንንቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ከተማዋን ያለበሰው ጭድ ከከተማ አልበቀለም፤ ከገበሬው አውድማ የወጣ ነው። ምሰሶው፣ ማገሩና ሣሩም እንዲሁ። ከተማው ከብርድ የዳነው በገጠሩ ምርት ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ግን ገበሬው የራሱን ጭድ ረስቶ፣ በበርሜል ከውጭ የሚመጣ መከላከያ በውድ ሊገዛ የሚችልበት ጊዜ መጥቷል።

አሮጌዎቹ የአራዳ ቤቶች እንከን አልነበረባቸውም ማለታችን አይደለም። መጨናነቁ፣ የአይጡ ብዛት፣ የመጸዳጃው ችግርና የእሳት ስጋቱ የታወቀ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ከፊሉ መጎዳቱ ለዚህ ምስክር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የማኅበር መሪ በዚያ አካባቢ የሚያየው ሰፊ መንገድና መስተዋት የለበሰ ሕንፃ ስለሆነ፣ የጭቃ ግድግዳና ኮርኒስ የኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። ቤቶቹ ቢፈርሱም ትምህርታቸው አብሮ መፍረስ የለበትም እንላለን።

ትምህርቱ አጭር ነው። የመከላከያ ሁሉ ምሥጢር የታሰረ አየር ነው። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ራሱ ሙቀት ፈጥሮ አይደለም። በድርና በማጉ መካከል አየር አስሮ የገላን ሙቀት ስለሚያስቀር ነው። የመንዝ ሰው በባና የሚከላከለው ብርድ በዚሁ ሕግ ነው። የሣር ክዳን በየሰንበሌጡ መካከል አየር ያስራል፤ ጭድም እንዲሁ ነው። ፎም የሚባለውም እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ አየር ወይም ሌላ ጋዝ የታሰረበት ነገር ነው። ብረት ግን ሙቀትን ወዲያውኑ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ቆርቆሮ ብቻውን ከመከላከያ አይቆጠርም።

የመጠኑን ልዩነት ለመረዳት ያህል፣ ጥሩ ሆኖ የተረጨ የ5 ሳንቲ ሜትር ፎም የሚሠራውን ሥራ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ጭድ ሊሠራው ይችላል። ቁም ነገሩ ጭዱ ደረቅ መሆኑ ላይ ነው፤ ከራሰ በአየሩ ቦታ ውሃ ስለሚገባ መከላከያነቱ ይጠፋል። የጭቃ ግድግዳ ግን ሥራው ለየት ይላል። ብርድንና ሙቀትን በመከልከል በኩል እንደ ጭድ ብርቱ አይደለም፤ ነገር ግን የቀኑን ሙቀት ጠጥቶ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ማታ ይመልሰዋል። በትግራይ የህድሞ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ስለዚህ የቀኑ ፀሐይ ብርቱ፣ የሌሊቱ ብርድ ከባድ በሆነበት ደጋ አገር ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ከታች፣ ጭድ ያለው ኮርኒስ ከላይ ቢሆን ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

አሁን ወደ ፎሙ እንመለስ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ይህ ነገር መጀመሪያ የተገኘው በ1937 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር፣ ኦቶ ባየር በተባለ ኬሚስት መሪነት ነው። ለርጭት ሲዘጋጅ ሁለት ፈሳሾች በሁለት በርሜል ይመጣሉ። ሁለቱ በመርጫው አፍ ላይ ሲገናኙ በሰከንዶች ውስጥ ይቆጡና ያብጣሉ። ጠንካራው ዓይነት ከመጀመሪያው መጠኑ 30 እጥፍና ከዚያም በላይ፣ ለስላሳው ዓይነት እስከ 100 እጥፍ ሊያብጥ ይችላል። በማናቸውም ስንጥቅ ገብቶ ከቆርቆሮም፣ ከእንጨትም፣ ከግንብም ጋር ይጣበቃል። በቀጭን ውፍረት ብዙ መከላከሉና ነፋስ ማገዱ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ገበሬው ስሙን አይስማ እንጂ ነገሩን ያውቀዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በትከሻዋ አንግታ በየመንደሩ የምትዞረው የክትባት ሳጥን ወፍራም ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ፎም የተሠራ ነው። በውስጡ የቀዘቀዘ ውሃ የያዙ ጥቅሎች ገብተው ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ያቆዩታል። የፍሪጅ በር ሲሰበር የሚታየው ቢጫ ስፖንጅም እሱው ነው። የወተት ማቀዝቀዣ ጋን በሁለት ብረት መካከል የሚይዘው፣ የአበባ እርሻዎች ቀዝቃዛ ክፍል በሚሠራባቸው የተነባበሩ ሰሌዳዎች ሆድ ውስጥ የሚገኘውም ከዚሁ ወገን ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። ፎም ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ የተፈጠረውን ይጠብቃል እንጂ። በክትባቱ ሳጥን ውስጥ በረዶ ካልገባ ሳጥኑ ብቻውን ክትባት አያድንም። እንደዚሁም ማቀዝቀዣ መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል በሌለበት ክፍል ላይ የተረጨ ፎም ለወተት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ስለዚህ መሪዎች በመጀመሪያ ሊይዙት የሚገባው መመሪያ «ማቀዝቀዣ ላለው ክፍል ፎም ይታሰብ፤ ለሌላው አስቀድሞ ጭድና ጭቃችን ይመርመር» የሚል ነው።

በዚህ መመሪያ ሲመዘን ፎም የሚያዋጣበት ሥራ ይታያል። ወተት ሲታለብ ሞቃት ነው፤ በዚያ ሙቀት ተህዋስያን በግማሽ ሰዓት ገደማ ጊዜ ውስጥ በእጥፍ ሊራቡ ይችላሉ። ከሰላሌና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ወተት የሚልክ ማኅበር ወተቱን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ካላወረደው በፋብሪካው በር ላይ ሊመለስበት ይችላል። እንዲህ ላለ ማኅበር በሚገባ የተሸፈነ ቀዝቃዛ ክፍል የመብራት ወጪን ይቀንሳል፤ መብራት በሚጠፋበትም ሰዓት ወተቱን ያቆያል። የቲማቲምና የፍራፍሬ አምራቾችም እንዲሁ ናቸው። ለብዙ ዓመታት የገጠሩ አትክልት ይራገፍበት የነበረው አትክልት ተራ የሚገኘው በዚያው በአራዳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። የገበያው ቦታ የትም ይሁን የት፣ ቀዝቃዛ ማቆያ የሌለው ገበሬ ጭነቱ ከመበስበሱ በፊት ደላላው የጠራለትን ዋጋ ለመቀበል ይገደዳል። ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ማኅበር ግን ሁለትና ሦስት ቀን ጠብቆ ለመሸጥ አቅም ያገኛል። በፎሙ የሚጠበቀው ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን የመደራደር ኃይልም ነው ማለት ነው።

ፎም የማያዋጣበት፣ እንዲያውም የሚጎዳበት ቦታም አለ። የመጀመሪያው እሳት የሚነድበት ቤት ነው። ፎም በእሳት ሲያያዝ ጥቁርና መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ሰውን ከነበልባሉ በፊት ጭሱ ሊገድለው ይችላል። ለዚህም ነው በሠለጠነው አሠራር ሰው በሚኖርበት ክፍል የተረጨ ፎም ገላውን እንዳያሳይ በጂፕሰም ሰሌዳ ወይም በመሳሰለው እሳት የሚያዘገይ ነገር እንዲሸፈን የሚታዘዘው። ጉልቻ ባለበት፣ እንጨት በሚነድበት ጎጆ ውስጥ ራቁቱን የተረጨ ፎም ማለት ከራስ በላይ የተቀመጠ ማገዶ ማለት ነው።

ሁለተኛው የጭሱ መውጫ ጉዳይ ነው። ፎም ስንጥቅን ሁሉ ይደፍናል። በጣሪያው ሥር በነበረው ክፍተት ይወጣ የነበረው የምድጃ ጭስ መውጫ ሲያጣ በቤቱ ይታመቃል። ይህም በእናቶችና በሕፃናት ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሕይወት እንደሚያጠፋ በከተማም በገጠርም የታወቀ ነው፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ተኝቶ ያለውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይወስደዋል። እንግዲህ ቤትን ከብርድ ከመዝጋት በፊት የጭስ መውጫ መሥራትና ምድጃውን ማሻሻል ይቀድማል። በዚህ ረገድ ውሳኔው የምድጃውን ጠባይ ከሚያውቁት ከሴቶች አባላት ውጭ ሊወሰን አይገባም።

ሦስተኛው የእህል መጋዘን ነው። እህልን የሚያድነው አስቀድሞ መድረቁ ነው። በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ሳይወርድ ከተከማቸ ጣሪያው በምን ቢሸፈን ከሻጋታ አያመልጥም። ፎም ነቀዝን አይገድልም፤ አይጥ ሰርስሮት ጎጆ ይሠራበታል፤ ምስጥም በውስጡ ተደብቆ እንጨቱን ሊበላ ይችላል። ቆርቆሮው ከሥር ቢዝግ ወይም ወራጁ ቢበሰብስ አይታይም፤ ቆርቆሮውንም ነቅሎ እንደገና ለመጠቀም ያስቸግራል። ለእህል የሚበጀው ማድረቅ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ፣ የአየር መተላለፊያና አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። ለዘር ድንች ደግሞ ሆለታ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማእከል ከሌሎች ጋር ሲያስተዋውቅ የቆየው የተበታተነ ብርሃን የሚያስገባ፣ ግድግዳው አየር የሚያሳልፍ ማከማቻ ይሻላል። እርሱን በፎም መዝጋት የታሰበለትን ዓላማ ማጥፋት ይሆናል።

አራተኛው የሠራተኛው ጤና ነው። ከሁለቱ ፈሳሾች አንዱ አይሶሳያኔት የሚባለው ነው። በሚረጭበት ጊዜ ትነቱና ጉሙ ወደ ሳንባ ከገባ ለዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያስይዝ ይችላል። በአፍ ላይ የታሰረ ነጠላ ወይም ሻሽ አያድንም። ረጪው ንጹሕ አየር የሚያቀርብ የመተንፈሻ ጭንብል፣ መነጽር፣ ጓንትና ሙሉ ልብስ ያስፈልገዋል። የቤቱ ሰዎችና ከብቶች ከአካባቢው ርቀው፣ ክፍሉም ቢያንስ ለአንድ ቀን ያህል አየር ሲያገኝ መቆየት አለበት። የቀን ሠራተኛ ያለ ጭንብል አሰልፎ ዋጋ የሚያረክስ ተቋራጭ ቢመጣ ርካሹ ዋጋ በወጣቶቻችን ሳንባ የተከፈለ ነውና መሪዎች ሊቀበሉት አይገባም።

ታዲያ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤትና ክፍል ምን ይደረግ? መልሱ በአብዛኛው ከደጃችን አለ። አንደኛ፣ የቆርቆሮውን ግለት ከምንጩ መቀነስ ነው። የዛገና የጠቆረ ቆርቆሮ የበለጠ ይግላል፤ በነጭ ቀለም የተቀባ ግን ብዙውን ፀሐይ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ ኮርኒስ መሥራት ነው። ከቀርቀሃ ወይም ከቀጫጭን እንጨት ርብራብ ተሠርቶ በላዩ ጭድ ይደረጋል። ጭዱ ብቻውን ከተተወ ለእሳትና ለአይጥ የተመቸ ስለሚሆን በቀጭን የሸክላ ጭቃ ታሽቶ፣ ደርቆና ከታች ተመርጎ መቀመጥ ይኖርበታል። ጭቃ የለበሰ ጭድ በቀላሉ አይነድም። ሸክሙ ስለሚከብድ ግን ወራጁና ምሰሶው መቻላቸው በአናጢ መታየት አለበት። ሦስተኛ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ አየር እንዲተላለፍበት በሁለቱ ጫፍ በወንፊት የተሸፈነ መስኮት መተው ነው።

ጭድ የከብት መኖ መሆኑን አንዘነጋም። የጤፍ ጭድ በተለይ በበጋ ለከብቱ ሕይወት ነው። ስለሆነም ለኮርኒስ የሚውለው ከብት የማይመርጠው የስንዴ ገለባ፣ ያረጀ ሣር ወይም የተረፈ የክዳን ሰንበሌጥ ቢሆን ይመረጣል። ማኅበሩ በመኸር ወቅት የተወሰነውን በጊዜ አድርቆ ቢያስቀምጥ ለጋራ ሕንፃው የሚበቃ መከላከያ ያለ ውጭ ምንዛሪ ያገኛል።

በጭድ መከላከል በአገራችን የግብርና ባለሙያዎችም ዘንድ የተሞከረ ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ትፈልጋለች። መብራት በሌለበት መንደር ግን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር የተሞላ ግድግዳ ያለው ሳጥን ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ሙቀት አስቀርቶ ያሳድጋቸዋል። አትክልትን ለጥቂት ቀናት ለማቆየት ደግሞ በሕንድ አገር የተሠራው ዘዴ ሊታይ ይችላል፤ ይኸውም በሁለት የጡብ ግድግዳ መካከል አሸዋ ሞልቶ በየቀኑ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ውሃው ሲተን ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅትና ቦታ ጥሩ ይሠራል፤ በክረምት ግን ጥቅሙ ያንሳል።

ወሬ ከማመን ሠርቶ ማሳየት ይበልጣል። ማንኛውም ማኅበር በአንድ ቀን የሚያየው ሙከራ አለ። ሁለት እኩል ጀሪካኖችን እኩል በጋለ ውሃ መሙላት፣ አንዱን ራቁቱን መተው፣ ሌላውን በአራቱም ጎን፣ ከላይና ከታች አንድ ክንድ በሚሆን ደረቅ ጭድ በሳጥን ውስጥ መቅበር ነው። ምሽት የተሞላው ሲነጋ በአባላት ፊት ተከፍቶ በሙቀት መለኪያ ይለካ። ልዩነቱን በዓይኑ ያየ አባል ኮርኒስ ለምን እንደሚያስፈልግ ረጅም ንግግር አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማኅበሩ ለቀዝቃዛ ክፍሉ ፎም ለማስረጨት ቢወስን፣ ውል ከመፈረሙ በፊት መሪዎች ተቋራጩን በጽሑፍ ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። የፎሙ ውፍረት በሳንቲ ሜትር ስንት ነው? ከተረጨ በኋላስ በማኅበሩ ተወካይ ፊት በየቦታው በቀጭን ሽቦ ተወግቶ ይለካል ወይ? ፈሳሹ የተመረተበትና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን መቼ ነው? እሳት እንዳያገኘው በምን ይሸፈናል? የሠራተኞቹ መከላከያ ልብስና ጭንብል የታለ? ለማሳበጫ የገባው ጋዝ ምን ዓይነት ነው? ይህን የመጨረሻውን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ ለፎም ማሳበጫ ይውሉ ከነበሩት ጋዞች አንዳንዶቹ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ሽፋን በመጉዳታቸው በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከሥራ ውጭ እንዲሆኑ ተደርገዋል። የሁለቱ ፈሳሾች መጠን ካልተመጣጠነ ፎሙ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽታውም አይለቅም፤ ስለሆነም የመጨረሻው ክፍያ ሥራው ታይቶ እስኪረጋገጥ መያዝ ይኖርበታል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ገበሬው በጋራ መምከርንና በጋራ መሥራትን በሰፊው ለመደ። ዛሬ አብዛኛው የገበሬው የጋራ ንብረት የሚተዳደረው በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በዩኒየኖች አማካይነት ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረትም የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እንግዲያው የመጋዘን ጣሪያ ወይም የቀዝቃዛ ክፍል ግድግዳ ጉዳይ በሊቀ መንበሩና በነጋዴው መካከል የሚያልቅ የቢሮ ጉዳይ መሆን የለበትም። በአባላቱ ፊት ቀርቦ ወጪውና ጥቅሙ ተነጻጽሮ ሊወሰን ይገባዋል። አንድ ማኅበር ብቻውን የማይችለውን ቀዝቃዛ ክፍል ብዙ ማኅበራት በዩኒየናቸው በኩል በአንድ ማእከል ቢሠሩት ወጪው ይቀንሳል፤ የሚረጨው ፎምም ሥራ ሳይፈታ ይውላል።

የአራዳ አሮጌ ቤቶች ከገበሬው አውድማ በወጣ ጭድ ለብሰው ብዙ ትውልድ አሳድረዋል። ያ ዕውቀት የገበሬው የራሱ ሀብት ነው። አዲሱንም መሣሪያ የምንቀበለው በቦታውና በልኩ፣ ጭድና ጭቃ በማይደርሱበት ሥራ ላይ መሆን አለበት። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚመጣው የበጋ የግንባታ ወራት ቆርቆሮ ከመቁጠራቸው በፊት ከቆርቆሮው ሥር ምን እንደሚገባ እንዲያስቡ፣ ከአባላታቸውም ጋር እንዲመክሩ እናሳስባለን። ቤት የሚለካው በክዳኑ ማብረቅረቅ ሳይሆን ከክዳኑ ሥር በሚያድረው ሰው፣ እህልና ወተት ደኅንነት ነውና።